እናቴና ሁለቱ ኪኒኖቼ

መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ያለው ወጣት ማዘዣዬን አየና ድምፁን እንኳ ሳይቀንስ፣ «የስኳሩ ኪኒን ያንቺ ነው? የወሊድ መከላከያውስ?» አለኝ። ከኋላዬ ሰልፍ አለ። ደሜ ፈላ።

«ስኳር የለብኝም፣ ባልም የለኝም፣ ሁለቱም ግን የኔ ናቸው። ስጠኝና ልሂድ» አልሁት። ደንግጦ በፌስታል አድርጎ ሰጠኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወር አበባዬ ከድሮም እንደፈለገ የሚመጣ፣ እንደፈለገ የሚቀር ነበር። ሥራ ከያዝሁ ወዲህ ጭራሽ ጠፋ። አገጬ ላይ ጠጉር በቀለ፣ ፊቴ ብጉር በብጉር ሆነ። መነቀሉም መቀባቱም ሲሰለቸኝ አንዲት ጎልማሳ የማህፀን ሐኪም ጋ ሄድሁ። ደሜን አስመረመሩ፣ በአልትራሳውንድ አዩኝ፣ ከዚያ «ፒሲኦኤስ ይባላል» አሉኝ። «ሆርሞንሽ ተዛብቶ እንቁላሉ በየወሩ በስሎ አይወጣም። ብዙ ሴት አለባት። ነቅሎ የሚጥለው መድኃኒት የለም፤ የሚገራው ግን አለ። ልጅ አሁን ትፈልጊያለሽ?»

«ኧረ መጀመሪያ አባትየው ይገኝ!» አልሁ። ሳቁ።

አሁኑኑ ልጅ ብፈልግ ኖሮ እንቁላሉን የሚቀሰቅስ ሌላ ኪኒን ነበር የሚያዝዙልኝ። ስላልፈለግሁ የወሊድ መከላከያውን መረጡልኝ። ደሙን በየወሩ ያመጣል፤ ደም ሳይመጣ ሲቆይ የማህፀን ግድግዳ ወፍሮ ወደ ክፉ በሽታ እንዳይሄድም ይጠብቃል። ጠጉሩንና ብጉሩንም ቀስ እያለ ይቀንሰዋል አሉኝ። ለሁሉም ሴት አይሆንምና ግፊቴን ለክተው፣ ደም ረግቶብኝ ያውቅ እንደሆነ ጠይቀው ነው የሰጡኝ። የስኳሩ ኪኒን ደግሞ ሰውነቴ ስኳርን በወጉ እንዲጠቀምበት ነው። «ከምግብ ጋር ውሰጂው፣ ሆድ ይረብሻል» አሉኝ። አቤት ሲረብሽ! የመጀመሪያው ሰሞን ቢሮ ውስጥ ሆዴ በጮኸ ቁጥር ወንበር እየጎተትሁ ድምፁን እሸፍን ነበር። ጠዋት ጠዋትም በጣና ዳር እየተራመድሁ ከሥራ በፊት ላቤን አወጣ ጀመር።

ኪኒኖቹን የገዛሁ ዕለት ለካ ጎረቤታችን ከመድኃኒት ቤቱ ሰልፍ ውስጥ ኖራለች። እኔ ቤት ሳልደርስ ወሬው ደርሷል። እናቴ፣ የቄስ ልጅ፣ የመሪጌታ ሚስት፣ አባቴ ካረፈ ወዲህ እኔ ጋ የምትኖረው፣ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ባል የሌለሽ ልጅ ምኑን ነው የምትከላከይው?»

አስቀምጬ አንድ በአንድ ነገርኋት። ስጨርስ ባሰባት።

«እኔኮ አውቄዋለሁ፤ ማህፀንሽ ደርቋል። ዓመቱን ሙሉ አንድ እሑድ እንኳ ደጅ ስትቆሚ አላየሁሽም!»

እውነቷን ነው። የወር አበባ የመጣባት ሴት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆማ ነው የምታስቀድሰው። እኩዮቼ ተራ በተራ ደጅ ሲቆሙ እኔ ሁልጊዜ ውስጥ ነኝ። ሰው «ከቅዳሴ የማትቀር ልጅ» ብሎ ሲያመሰግነኝ እሷ በሆዷ ስትብሰለሰል ኖራለች።

«ይህ ኪኒን ደግሞ ጨርሶ ያደርቅሻል። መራዊ ከተማ የመድኃኒት ሥር የሚሰጡ ሰው አሉ፣ እንሂድ።»

«አልሄድም!»

«የልጅ ልጅ ሳላይ ልሞት ነው» ብላ አለቀሰች። አንጀቴን በላችው። ኪኒኑን ብተወው ማህፀኔን ለበሽታ ልሰጥ ነው፤ ብቀጥል ደግሞ እናቴ በቁሜ ልታለቅስልኝ ነው። «በሚመጣው ወር እስከ ደብራችን ንግሥ በዓል ታገሽኝ» አልኋት። «እስከዚያ ደሜ ካልመጣ ኪኒኑን ጥዬ መራዊ እሄድልሻለሁ።» ሐኪሟን አምኛለሁና ስናገር አልፈራሁም። እሷ ግን በየቀኑ ፊት ፊቴን ታየኝ ነበር።

የንግሡ ዕለት እናቴ ማለዳ ቀድማኝ ወጣች። እኔ ስነሣ ደሜ መጥቷል። «እሰይ!» አልሁ ለብቻዬ። ይህ ኪኒኑ ያመጣው ደም እንደሆነ፣ እንቁላል ወጣ ማለት እንዳልሆነ ሐኪሟ ነግረውኛል። ይሁን! የደረቀ ማህፀን ግን እንዲህ አያደርግም። ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድሁና ከቅጥሩ ውጭ፣ ዛፉ ሥር ከሴቶቹ መሃል ቆምሁ።

እናቴ ውስጥ ፈልጋ ስታጣኝ ልትቆጣኝ መሰለኝ በሩ ላይ ብቅ አለች። ስታየኝ ቁጣው ከፊቷ ጠፋ።

«ደጅ ነሽ?»

«ደጅ ነኝ፣ እማዬ።»

አንገቷን ቀና አድርጋ እልልታዋን አቀለጠችው። ታቦቱ ገና አልወጣም። አጠገቤ ያሉት ሴቶች የወጣ መስሏቸው ተቀበሏት፤ ቅጥሩ ውስጥ ያሉት እነሱን ተቀበሉ፤ ወንዶቹ አጨበጨቡ፤ አንዱም ከበሮውን መታ። አንድ ዲያቆን እየሮጠ መጥቶ «ኧረ ገና ነው!» ቢል ማን ይስማው! ያ ሁሉ ሕዝብ ለምን እልል እንደሚል የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ ነን። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ በነጠላዬ አፌን ያዝሁ።

«ግቢ እንጂ እማዬ፣ ቅዳሴው ያልፍሻል» አልኋት።

አልገባችም። ታቦቱ ወጥቶ፣ ዞሮ እስኪገባ ድረስ እጄን ይዛ ደጅ ቆመች።