አርባ ሁለት እጆች ለአቶ ዓለምብርሃን

አቶ ዓለምብርሃን ጠዋት ጠዋት የልብስ ስፌት ሱቃቸውን ከመክፈታቸው በፊት ወደ ጓሮዋ ክፍል ይገቡና ሃያ የፕላስቲክ ወንበሮችን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላሉ። ከሃያው አሥራ ዘጠኙ ላይ ማንም አይቀመጥም። የሰቆጣ አቧራ ግን ሰው የሚቀመጥበትንና የማይቀመጥበትን ወንበር አይለይም።

ክፍሏ የሰቆጣ ሞርሞኖች፣ ማለትም ከአሜሪካ የመጣ የክርስትና እምነት ተከታዮች፣ የሚሰበሰቡባት ናት። የሰቆጣ ሞርሞኖች አቶ ዓለምብርሃን ናቸው።

አዲስ አበባ ልብስ እየሰፉ ይኖሩ በነበረበት ጊዜ ነጭ ሸሚዝ የለበሱ ሁለት ወጣቶች ሱሪ ሊያሳጥሩ ገቡ። ሱሪው በአንድ ቀን አለቀ፤ ወሬው ስምንት ወር ፈጀ። በመጨረሻ አቶ ዓለምብርሃን ተጠመቁ። ኋላ እናታቸውን ሊያስታምሙ ወደ ሰቆጣ ሲመለሱ፣ በአካባቢው ሌላ አባል ስላልነበረ የቡድን መሪ ተደረጉ። በእምነቱ ደንብ መሪነት ደመወዝ የለውም፤ ሹመትም አይለመንም፤ ሰው ሲጠራ እሺ ይላል። አቶ ዓለምብርሃንን እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ለምንም ሹመት ጠርቷቸው አያውቅም ነበርና እሺ ለማለት አልዘገዩም።

ስድስት ዓመት በትጋት አገለገሉ። እሁድ ሦስት ሰዓት ላይ ክራባታቸውን አስረው ስብሰባውን ይከፍታሉ፣ ይዘምራሉ፣ ይሰብካሉ፤ ከዚያም ማስታወቂያ ይናገራሉ። ማስታወቂያው ዘወትር በሚቀጥለው እሁድም ስብሰባ መኖሩን የሚገልጽ ነው። ቡና፣ ሻይና ጠላ አይቀምሱም። የወሩን የመጀመሪያ እሁድ ይጾማሉ። ረቡዕና ዓርብም ይጾማሉ፤ ባለቤታቸው ውዴ ከኦርቶዶክስነቷ ስላልወጣች በእነዚያ ቀናት የፍስክ ወጥ አትሠራም።

«ሰው ሃይማኖት ሲለውጥ ጾም ይቀንሳል» ትላቸዋለች። «አንተ ጨመርክ።»

ጎረቤቱን ከእምነታቸው ይልቅ ያስቸገረው በሰንበት መራባቸው ነው። ያም ቢሆን ለቅሶ አይቀሩም፤ ድንኳን ይተክላሉ፣ ወንበሮቻቸውንም ያውሳሉ። ስለዚህ ወንበሮቹ ከስብከት ይልቅ ሙሾ ሰምተዋል።

በጥር ወር አቶ በእውቀቱ የሚባሉ የበላይ መሪ ከአዲስ አበባ ደወሉ። «የፊታችን እሁድ እመጣለሁ» አሉ። «ምእመን ካለ ሹመትዎ በጉባኤው ድጋፍ ይጸናል። ከሌለ ግን ስብሰባው ይቀራል፤ እርስዎም በምስጋና ይሰናበታሉ።»

አቶ ዓለምብርሃን በዚያ ሳምንት የሁለት ወንድ ኮት ቁልፍ በስህተት በግራ በኩል ሰፉ። ከመሪነቱ ቢወርዱ ክራባት የሚያስሩበት ምክንያት አይኖራቸውም። ዓርብ ዕለት ወደ እድሩ ዳኛ ወደ አቶ ይግዛው ሄዱ።

«ጋሽ ይግዛው፣ በስድስት ዓመት ከአንድ ለቅሶ ቀርቼ አውቃለሁ?»

«አታውቅም። ሟቹ እንኳ አንዳንዴ ካንተ በኋላ ነው የሚደርሰው።»

«እሁድ እንግዳ ይመጣብኛል። ሰው እንዲኖረኝ ፈለግሁ።»

«ማን ሞቶ?»

«ማንም አልሞተም። ሰው እንዳለኝ ሊያዩ ነው።»

«እኛ እያለን ባዶ ቤት ተቀምጠህ ሊያዩህ? ጡሩምባ አስነፋለሁ።»

«ጡሩምባው ይቅርብኝ፣ ጋሼ።»

እሁድ ከቅዳሴ መልስ አርባ አንድ ሰው ነጠላውን እንዳጣፋ ደረሰ። ወንበር ያልደረሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። እድርተኛው በተሰበሰበበት ሁሉ እንደለመደው አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ፤ አንዳንዱም ጉንጩን በእጁ ደግፎ ተከዘ። አቶ በእውቀቱ እንዲህ ያለ ጸጥተኛ ጉባኤ አዲስ አበባም አላየሁም አሉ። ጊዜም ሳያጠፉ ወደ ድጋፉ ገቡ።

«ወንድም ዓለምብርሃንን በመሪነት የምትደግፉ ቀኝ እጃችሁን አንሡ።»

ሁሉም አነሣ።

«የምትቃወሙ ካላችሁ እንደዚሁ።»

ሁሉም አነሣ። በቀበሌ ስብሰባ ያረጀ ሰው እጅ አንሡ ሲባል ማንሣትን ያውቃል። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ሁለቴ ጠይቆ አንዱን ብቻ መስጠት ደግሞ ማዳላት ነው።

«ድምጸ ተዓቅቦን ዘለሉት፣ ጌታዬ» አሉ አቶ ይግዛው።

«እኛ ዘንድ ተዓቅቦ የለም።»

«እዚህ አለ። ቃለ ጉባኤው ላይ ካልሰፈረ ነገ ይፈርሳል። እናንተ፣ ተዓቅቦ!»

ሁሉም አነሣ። አቶ በእውቀቱ ቆጠሩ፤ አርባ አንድ ሰው፣ አርባ ሁለት እጅ። ትርፉ ከፊት የተቀመጡት የእማሆይ አመተ ማርያም ነበር።

«እማሆይ፣ ለምን ሁለት እጅ አነሡ?»

«አንዱ ጅዳ ላለችው ልጄ ነው። ብትኖር እሷም ትመጣ ነበር።»

አቶ በእውቀቱ ማስታወሻቸውን አጥፈው ወደ አቶ ዓለምብርሃን ዞሩ። «ከእነዚህ መካከል የቤተ ክርስቲያናችን አባል ስንት ነው?»

አቶ ይግዛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሁላችንም ብንባል...»

«አንድ» አሉ አቶ ዓለምብርሃን። «እኔ ነኝ።»

«ባለቤትዎስ?»

«እኔ ወጥ ቤት ነኝ» አለች ውዴ ከበር ላይ።

አቶ በእውቀቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ወንድም ዓለምብርሃን ለስድስት ዓመት ስላገለገሉ ጉባኤው እጅ አንሥቶ እንዲያመሰግናቸው ጠየቁ።

ማንም አላነሣም።

«ሊያወርዱት ነው አይደል?» አሉ አቶ ይግዛው።

«ማሰናበት ነው እንጂ ማውረድ አይደለም።»

«ስሙን እርስዎ ያውቃሉ። ለዚህ የሚሆን እጅ ግን የለንም።» እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። አርባውም ተከተላቸው፤ እማሆይ ሁለቱንም እጆቻቸውን ሸሸጉ።

አቶ በእውቀቱ ጠበቁ። አቶ ዓለምብርሃን ከጉባኤው መካከል አባል እርሳቸው ብቻ ስለሆኑ፣ ስንብታቸውን የሚያጸድቀው እጅም የራሳቸው ብቻ እንደሆነ ገባቸው። ክራባታቸውን አስተካክለው ቀኝ እጃቸውን አነሡ። አቶ በእውቀቱም «አንድ» ብለው ጻፉ።

ነገ ሰኞ ክፍሏን መጋዘን እንድትሆነው ለማሽላ ነጋዴ ያስረክባሉ። ከእንግዲህ እሁድ እሁድ የአዲስ አበባውን ስብሰባ ከሱቃቸው ሆነው በስልክ ይከታተላሉ።