ከገመዱ ወዲያ

ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ያለው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ የባለቤቴ ቱታ ዛሬም ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል። በሩን በከፈትኩ ቁጥር የናፍጣና የግራሶ ሽታው ይቀበለኛል። ከቀብሩ በኋላ ልጄ ከፕሌኖ መጥታ፣ አፍንጫዋን ይዛ፣ «እማዬ፣ ማለቴ፣ ይሄ ቢታጠብም አይጸዳም፤ ሶ ትሮው እናድርገው» አለችኝ። «እኔንም አብረሽ ጣይኝ» አልኳት። ያ ሽታ ከአባቷ በፊት የአባቴ እንደነበር አታውቅም።

አባቴ ድሬዳዋ የምድር ባቡር መካኒክ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ምሳውን የማደርስለት እኔ ነበርኩ፤ በዚያ የጫማ ሶል በሚያቀልጥ ፀሐይ፣ መንገድ የዘጉ ፍየሎችን እየገፈተርኩ ሮጬ ወርክሾፑ ጋ ስደርስ፣ ዘበኛው ዱላውን በሩ ላይ አጋድሞ «ሴት ልጅ ናፍጣ ምን ያደርግላታል? እዚያው ቁሚ!» ይለኛል። እቆማለሁ። ዓይኔ ያልገባበት ጆሮዬ ይገባ ነበር። አባቴ ቆሞ የሰነበተ ሞተር ከማስነሳቱ በፊት በየሲሊንደሩ ያለውን ትንሽ ቧንቧ ከፍቶ ሞተሩን ያለ ነዳጅ ያዞረዋል፤ ውስጡ ውሃ ሰርጎ እንደሆነ በዚያ ይተፋል። ውሃ ከታመቀበት ሞተሩ ይሰበራል። ደረቁ ሲሊንደር «ኡፍ» ይላል፣ የረጠበው እንደ ጉንፋናም ሰው ይንኮረኮራል። ማታ ራት ላይ «ዛሬ ሦስተኛው ረጥቦ ነበር» ስለው፣ አባቴ ጉርሻው እስኪያንቀው ይስቅ ነበር።

ባለቤቴ የጎጃም ሰው ነበር፤ ዳላስ እስኪመጣ ድረስ ባቡር በዓይኑ አላየም። ይህን ወሬዬን ስንት ዓመት ሲሰማ ኖሮ ጡረታ በወጣ በወሩ ባቡር ሙዚየም ሄዶ በጎ ፈቃደኛ ሆነ። አንድ አሮጌ የዲዝል ባቡር ሰጡት። ቅዳሜ ቅዳሜ ዝገቱን ይፍቃል፣ ቀለም ይቀባል፣ በወር አንዴ ያስነሳዋል። እኔ ምሳውን ይዤ ጎብኚ እንዳያልፍ ከተወጠረው ገመድ ውጭ ቆሜ አዳምጥና «ደረቅ ነው፣ አስነሳ!» እለዋለሁ። ማንም እንዳልገባ አልከለከለኝም፤ እግሬ ግን የዘበኛውን ዱላ አልረሳም። «የባቡር ልጅ ነኝ ትያለሽ፣ ገመድ ትፈሪያለሽ!» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ከሞተ በኋላ የበጎ ፈቃደኞቹ አለቃ፣ ሚስተር ዴል የሚባል የቴክሳስ ሽማግሌ፣ ሊያጽናናኝ ደወለ። በዚያው «እንደሱ የሚያውቀው ሰው ስለሌለ ከእንግዲህ ሞተሩን አናስነሳውም፤ ለዕይታ ብቻ ይቆማል» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁት። ዝም ያለብኝ አንድ ባለቤቴ ይበቃኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ቱታውን ለበስኩ። እጅጌውን አራት ጊዜ አጠፍኩት። ሙዚየሙ ስደርስ ገመዱን በእጄ ዝቅ አድርጌ ተሻገርኩ። ሚስተር ዴል «እመቤት፣ ቀስ! ትወድቂያለሽ» ሲለኝ፣ «እሱን ለኔ ተወውና ቧንቧዎቹን ክፈት» አልኩት። በትዝብት እያየኝ ከፈተ፤ ሌላ በጎ ፈቃደኛ ሞተሩን ያለ ነዳጅ አዞረው። ኡፍ። ኡፍ። ኡፍ። አራተኛው ተንኮረኮረ። «አቁም! ረጥቧል!» ብዬ ስጮህ፣ ሰውዬው ሊያይ ጎንበስ ከማለቱ ዝገት የመሰለ ውሃ ነጭ ሸሚዙ ላይ ተረጨ። ሸሚዙን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ኮፍያውን አወለቀ።

ውሃው የሚሰርግበትን ፈልጎ መጠገን ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። በሦስተኛው ተነሳ፤ መሬቱ እግሬ ስር ተንቀጠቀጠ።

የድሬዳዋ ዲዝሎች ሣር በቅሎባቸው ቆመዋል ይሉኛል። አባቴ የለም። «ደረቅ ነው» ስል ከሞተሩ ጀርባ «እሺ እመቤቴ!» የሚለኝ የባለቤቴ ድምፅም የለም፤ ይህ ሞተር የቱንም ያህል ቢጮህ ያንን ቦታ አይሞላውም። ቢሆንም በየወሩ አስጮኸዋለሁ። ምሳዬንም የምበላው ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ቱታው አልታጠበም፤ አይታጠብምም።