ለእንቅልፍ የተተከለ ድንኳን

ያን ቀን ቢቸና ላይ የነሐሴ ጭጋግ ወርዶ ነበር። አጥር ከአጥር አይተያይም። ካፊያው ቆርቆሮውን ቀስ እያለ ይነካል እንጂ አይመታውም፤ ዝናቡስ ደግ ነበር። ክፉዎቹ ሹፌሮች ናቸው። ጭጋጉ መንገዱን ስለ ሸፈነባቸው እጃቸውን ከክላክሱ ላይ አላነሡም።

ፈንታነሽ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ጣሪያ ጣሪያ ታያለች። ሌሊቱን የእህል መጋዘን ስትጠብቅ አድራ የገባችው ገና ጎሕ ሲቀድ ነው። እሷ የምትተኛው ቀን ነው፤ ቢቸና ደግሞ ቀን አትተኛም። የተከራየቻት ክፍል የሞጣ መኪና ከሚጫንበት መንገድ ዳር ናት። በግራዋ ወፍጮ ቤት አለ። በቀኟ ምንይሉ የሚባል፣ በሰው ስልክ ላይ ዘፈን የሚጭን ጎረምሳ ሱቅ ከፍቷል፤ ሞንታርቦውንም ወደ በሯ አዙሮ አቁሞታል። ጆሮዋን በጥጥ ወትፋ ሞክራለች። ጥጡ የገዛ ልቧን ምት አሰማት እንጂ የውጩን አላስቀረላትም።

ለምንይሉ ነግራዋለች።

«እትዬ ፈንታነሽ፣» አላት፣ «ሞንታርቦውን ብዘጋው እኮ ወፍጮው ይረብሸኛል።»

የወፍጮው ባለቤት ደግሞ በምንይሉ ዘፈን ምክንያት ጆሮው እንደ ደከመ፣ ድንጋዩ ሲበላሽ እንኳ እንደማይሰማው ነገራት። ቀበሌ ሄደች። ቀበሌ ያለው ሰውዬ መስኮቱን እያሳየ፣ «እኛም እኮ እየሰማን ነው፤ እኛስ ለማን አቤት እንበል?» ብሎ እንደ እኩያው አዘነላት። ከዚያ በላይ ምን ይባላል?

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። የመጋዘኑ ኃላፊ አንድ ሌሊት ዱላዋን ተደግፋ ስታንቀላፋ ደርሶባታል። «ሁለተኛ ተኝተሽ ካገኘሁሽ ዱላውን አስረክበሽ ትሄጃለሽ» ብሏታል። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ያላት ያ ዱላ ነው።

እንግዲህ በዚያ በጭጋጉ ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ድንገት ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። ፈንታነሽ ደነቆርሁ ብላ ብድግ አለች። ግድግዳውን በእጇ መታች፤ ይሰማል። በሩን ከፈተች። ለካ ከመንገዱ ማዶ የአንዷ ጎረቤት እናት ሉማሜ ከተማ ሞተው ኖሮ ድንኳን ተተክሏል። ምንይሉ ሞንታርቦውን በነጠላ ሸፍኖታል። ወፍጮው ቆሟል። የባጃጅ ሹፌሮች ሞተር አጥፍተው፣ ባጃጃቸውን በእጅ እየገፉ በድንኳኑ በኩል ያልፋሉ። ፈንታነሽ ለልቅሶ ልትነሣ ነጠላዋን አነሣች፤ ነጠላዋን እንደ ያዘች አልጋዋ ላይ ወደቀች። እንደዚያ ተኝታ አታውቅም።

ሌሊት ሌሊት መጋዘኑን እየጠበቀች ሦስቱንም ቀን ተኛች። ድንኳኑ ሲነሣ ጩኸቱ ተመለሰ፤ አብሮትም ሐሳቡ መጣ።

ችግሩ የሚሞትላት ሰው አለመኖሩ ነው። እናት አባቷ ቀድመው አልቀዋል። የቀሯት አንድ አጎት ናቸው፤ ሞጣ የሚኖሩ፣ ወልደ ሰንበት የሚባሉ። ካየቻቸው ብዙ ዘመን ሆኗታል። ባለፈው ታመዋል ሲባል ሰምታለች። መቼም አርጅተዋል፤ ትንሽ ቢቀድሙ ምን ነበረበት ብላ አሰበች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ እድሩ ዳኛ ወደ አቶ ሀብተ ሥላሴ ሄደች።

«አጎቴ ሞቱብኝ።»

«እግዚኦ! ማን አረዳሽ?»

«በስልክ ነው የሰማሁት።»

«ይሄ ስልክ! ሽማግሌ እንኳ ሳይሰበሰብ ሰው ብቻውን ይረዳ ጀመር!» አሉና ድንኳኑን አዘዙ።

ጥሩምባ ነፊው በማግስቱ ጧት ከመስኮቷ ሥር ቆሞ ነፋ። እሱን እንኳ ቻለችው። እንዳሰበችውም መንገዱ ጭጭ አለ። ሞንታርቦው ተሸፈነ፣ ባጃጁ ተገፋ፣ ወፍጮው ተዘጋ። ያላሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የልቅሶው ባለቤት አትተኛም።

አንድ ሰው በገባ ቁጥር መነሣት ነው። በተነሣች ቁጥር ሴቶቹ እሪ ይላሉ። ወንዶቹ በድንኳኑ ጥግ ካርታ ይዘው፣ አጭበርብረሃል አላጭበረበርሁም እየተባባሉ ይጯጯሃሉ። ይርጋነሽ የምትባል፣ ድምፅዋ ከወፍጮው የማያንስ አልቃሽ ጎረቤት አለቻት። ይቺ ይርጋነሽ ጎንበስ ብላ፣ «ለመሆኑ ሰውዬው ምን ዓይነት ነበሩ? ምን ብዬ ላልቅስላቸው?» አለቻት።

ፈንታነሽ እንቅልፏ እያዳፋት፣ «ዝምተኛ ነበሩ» አለች።

ይርጋነሽም ስለ ሟች ዝምታ ጆሮ እስኪበሳ ጮኸች። ዝም ብሎ የኖረ፣ ዝም ብሎ የሄደ፣ ኮቴው የማይሰማ እያለች ስታወርድ ሴቶቹ ተቀብለው ድንኳኑን አናወጡት። ፈንታነሽ በዕድሜዋ እንደዚያ ያለ ጩኸት መካከል ተቀምጣ አታውቅም። ዝም በሉ አይባል ነገር፣ የሚያለቅሱት ለእሷ ነው። በመጨረሻ ይርጋነሽ ትከሻ ላይ ጭልጥ አለች።

«ራሷን ሳተች! ውሃ! ውሃ!»

አንድ ጣሳ ሙሉ ውሃ ፊቷ ላይ ደፉባት። ሌላ ጊዜ ስታንቀላፋም ደገሟት። ማታ ሰው ሲበተን ብቻ አልጋዋ ላይ ወደቀች፤ ማታ ደግሞ ቢቸና ድሮም ጸጥ ያለች ናት።

ይህ ሁሉ ሲሆን አብዱልሐኪም የሚባል የሞጣ መስመር ሹፌር ሚኒባሱን አቁሞ፣ የሞተው ማን እንደ ሆነ ሳያጣራ፣ እግዜር ያጽናሽ ሊላት ገባ። የሞጣ ልጅ ነው።

«ዘመዶችሽ እዚያ አሉ አይደል? ልቅሶ መኖሩን እነግርልሻለሁ።»

«ኧረ ተወው፣ አትድከም።»

«ምን ድካም አለው? ሐዘን አይደል እንዴ!»

ደግ ሰው ነበር፤ አልደከመም። ሞጣ ደርሶ የፈንታነሽን ዘመዶች ሰፈር እያጠያየቀ፣ ቢቸና ፈንታነሽ ቤት ልቅሶ አለ ብሎ ከአንድ ሽማግሌ በር ላይ ተናገረ። ሽማግሌው ማን እንደ ሞተ እንኳ ሳይጠይቁ ከዘራቸውን አነሡ። በማግስቱ እዚያው ሚኒባስ ላይ ተሳፍረው መጡ።

ፈንታነሽ ያን ጊዜ ፊቷን ልትታጠብ ጓሮ ነበረች። ሽማግሌው «ወየው! ወየው!» እያሉ ገቡ። ሴቶቹ አጅበው አለቀሱላቸው። ተቀመጡ፤ ንፍሮ ተሰጣቸው። አጠገባቸው ያለው ሰው፣

«ለሟች ምናቸው ነዎት አባባ?» አለ።

«የሐዘንተኛዋ አጎት ነኝ። ማን ነው የሞተው?»

«አጎቷ ናቸዋ። ወልደ ሰንበት የሚባሉ፣ የሞጣ ሰው።»

ሽማግሌው ንፍሮውን ማኘክ አቆሙ። ጥቂት አሰቡ። ይርጋነሽ ደግሞ ስለ ዝምታቸው እያወረደች ነበርና እሷን አዳመጡ።

«እኔ መቼ ሞትሁ?» አሉ ብድግ ብለው። «ዝምተኛስ ማን ነው? ማን ነው እሱ ዝምተኛ?»

«ተቀመጡ አባባ፣» አለ ሰውዬው ጋቢያቸውን ይዞ፣ «ሐዘን እንዲህ ያደርጋል።»

ይኸኔ ፈንታነሽ ገባች። አየቻቸው። አዩዋት። «ጋሼ ወልዴ» የሚለው ቃል ከአፏ አምልጦ ወጣ። ድንኳኑ በሞላ ጸጥ አለ፤ ካርታ የሚጥል እጅ እንኳ አየር ላይ ቀረ። የፈለገችው ጸጥታ ይኸው መጣላት፤ ግን ሊተኙበት የሚሆን አልነበረም።

ዳኝነቱ እዚያው ድንኳን ውስጥ ሆነ።

«አንቺ ሴት፣ ለምን ዋሸሽ?» አሉ አቶ ሀብተ ሥላሴ።

«እንቅልፍ አጥቼ ነው አባቴ። ሥራዬን ላጣ ሆነብኝ።»

«እንቅልፍ ላጣ ድንኳን ይተከል የሚል ደንብ የለንም።» ከጎናቸው ካሉት ጋር ተንሾካሾኩ። «ይሁን። ልቅሶው ተለቅሷል። ንፍሮውም ተበልቷል። ስለዚህ አቶ ወልደ ሰንበት ወደፊት ሲሞቱ ፈንታነሽ ሌላ ድንኳን አታገኝም።»

«እኔ ሳልጠየቅ?» አሉ ወልደ ሰንበት።

«እርስዎ የእድሩ አባል አይደሉም።»

ሽማግሌው ቢከራከሩ አልሆነላቸውም። ፈንታነሽን ከዘራቸውን እያወዛወዙ አዩዋት። «በይ እንግዲህ፣ ልቅሶዬን ጨርሰሻል። የቀረሽ በቁሜ መጦር ነው» አሏት።

ድንኳኑ ሲነሣ ምንይሉ በነጻ ዝም ያለበትን ቀን ለማካካስ ሞንታርቦውን ወደ ደጃፏ ይበልጥ አስጠጋው። እሷ ግን ያን ያህል አልሰማችውም። ለሐዘን ፈቃድ ወስዳ በሰነበተችበት ጊዜ ማታ ማታ መተኛት ለምዳ ኖሯል። ወደ መጋዘኑ በተመለሰች በመጀመሪያው ምሽት፣ ገና ለዓይን ያዝ ሳያደርግ፣ ከበሩ ሥር ተቀምጣ እንቅልፍ ወሰዳት። ኃላፊው ወደ ቤቱ ሲወጣ ተራምዷት ሊያልፍ ሆነ። አልጮኸባትም። ዱላውን ከእጇ ላይ ቀስ አድርጎ ወሰደ።

አሁን ፈንታነሽ ሞጣ ናት፤ በአጎቷ ቤት ትኖራለች። ቀን በአንድ ነጋዴ ሱቅ እህል ታበጥራለች፣ ማታ ትተኛለች።