በቴሌቪዥን የወጣው የአከራዬ ሶፋ

ከማስተር ፕላኑ ግርግር በፊት ቡራዩ ውስጥ እኔን የማያውቅ ዶሮ እንኳ አልነበረም። ነገር አጋንናለሁ፣ ሰው ይስቃል፤ ኑሮዬ ይኸው ነበር። እንጀራዬ ግን ከአንድ ትንሽ ቴሌቪዥን ጣቢያ ነው፤ የስቱዲዮውን መድረክ የምሠራውም፣ በስክሪኑ ግርጌ የሚያልፈውን ጽሑፍ የማዘጋጀውም እኔው ነኝ። በጀቱ ለአንድ ባልዲ ቀለም የበቃ ቀን ድግስ ልንደግስ ምንም አይቀረንም። ስለዚህ መድረኬ ሁሉ የሰፈር ውሰት ነው፤ መጋረጃው ከአንዱ ቤት፣ የፕላስቲክ አበባው ከሌላው።

ለበዓል መዝናኛ ፕሮግራም የአከራዬን ሶፋ ለመንኩ። ወይን ጠጅ ቀለም ነው፤ በእጃቸው የሠሩት ነጭ ዳንቴል ለብሷል፤ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል።

«እትዬ፣ ሶፋዎ ታዋቂ ሊሆን ነው።»

«አንተ ቀልማዳ! ዳንቴሌ ላይ ሻይ እንዳትደፉበት» ብለው ሰጡኝ።

የበዓሉን ፕሮግራም ቀርጸን እንደጨረስን፣ ዋና ከተማዋን ወደ እኛ መሬት ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ላይ ተቃውሞው ተነሳ። ሰበታም ሱሉልታም የእኛም ሰፈር መንገድ ተዘጋ፤ ልጆች ታፈሱ። የአከራዬ የመጨረሻ ልጅም አብሮ ተወሰደ። እኔ በእግሬ ቤቴ እገባለሁ፤ ሶፋው ግን አራት እግር እያለው ስቱዲዮ ቀረ። በዚያው ሰሞን አንድ ባለሥልጣን መጡና ተደላድለው ተቀመጡበት፤ ጣቢያው ሌላ መቀመጫ የለውማ! እሳቸው የፕላኑን ጥቅም ሲዘረዝሩ፣ ከዳንቴሉ ሥር «ነዋሪው በደስታ ተቀብሎታል» የሚል ቢጫ ጽሑፍ ያልፋል። ጻፍ ያሉኝን ጽፌ ነው። ፊደሉም ቢጫውም የእኔ።

ሰፈሩ ሁሉ ይህን በቴሌቪዥን ባየ ማግስት ጠዋት አከራዬ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበር፤ እኔም አጠገባቸው። ሌላ ጊዜ «አካም ቡልታን?» ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደሩ ሳይሏቸው የማያልፉ ጎረቤቶች አንገታቸውን ደፍተው አለፉ። ልጇ የታሰረባት አንዲት ጎረቤት ብቻ ቆም አለች።

«ሶፋሽ ሥልጣን ያዘ አሉ! እንግዲህ ልጅሽን ቶሎ ያስፈቱልሻላ!»

አከራዬ ወደ እኔ ዞሩ። «ንገራት።»

ነገርኳት። ለመዝናኛ ብዬ የወሰድኩት እኔ እንደሆንኩ፣ እሳቸው ምንም እንደማያውቁ፣ ጽሑፉም የእኔ እጅ ሥራ እንደሆነ። አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም። «እናቴ ትሙት!» ብዬ ማልኩ።

እስክጨርስ ሰማችኝና ከት ብላ ሳቀች። «አንተ ደግሞ በዚህም ትቀልዳለህ?» ብላኝ ሄደች። ኋላ የነገርኳቸው ጎረቤቶችም እንደዚያው ሳቁብኝ።

መንገድ ሲከፈት ሶፋውን መለስኩ። ልጅ የታሰረበት ቤት ሁሉ በጠያቂ ተሞልቶ፣ ሰው በረንዳ ላይ ቆሞ ወረፋ ይጠብቃል። የአከራዬ በር ግን ወለል ብሎ ተከፍቶ ማንም አልገባም። እሳቸው በርጩማ ላይ ናቸው። እኔ ሶፋው ላይ መቀመጥ አፍሬ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ።

«ተቀመጥ እንጂ» አሉኝ በሩን እያዩ፤ «ሰው የመጣ ይምሰል።»

ተቀመጥኩ።