የቁምሪ ሮማንና የእናቷ መሐላ

የኛው ዳቭሮን ቁምሪን ሊያገባ ቆላ፣ ሂሶር ድረስ የወረደ ጊዜ፣ የልጅቱ እናት ቢቢሶሮ በሠርጉ ላይ እህል አልቀመሱም። ጥግ ይዘው የኛን ሽማግሎች ሲገላምጡ ዋሉ። ሙሽራዋ መኪና ልትገባ ስትል ግን ብድግ አሉና ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገሩ።

«ሮማን የማይበቅልበት አገር ሰው አይኖርበትም! መርጠሽዋል፣ ሂጂ። እኔ ግን ከጓሮሽ የበቀለ ሮማን በእጄ ሳታስይዢኝ ደጃፍሽን ብረግጥ፣ ይኸው እግሬ ይሰበር!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ገና ሳይጨርሱት እንደቆጫቸው ፊታቸው ያስታውቅ ነበር። ግን ቢቢሶሮ ናቸው፤ ቃላቸውን ከሚያጥፉ እግራቸውን ቢሰብሩት ይሻላቸዋል። ልጅቱስ ብትሆን ከማን ተወለደች? እንባዋን በመጎናጸፊያዋ ጫፍ ጠረገችና «እሺ እማዬ፣ አስይዝሻለሁ» አለች።

እኛ፣ የደጋዋ የሳንግዳራ መንደር ሰዎች፣ መንገዱን ሙሉ በሳቅ ሞትን። ሳንግዳራ እኮ ድንችና ፖም ነው! በረዶው ከኅዳር ጀምሮ ጣራችን ላይ ተኝቶ እስከ መጋቢት አይነሣም። ፍየሉ ራሱ ጢሙ ላይ ውርጭ ይዞ የሚያድርበት አገር ሮማን? «ሮማን አለኝ በሰማይ!» እያልን ቀለድንባት። የመንደራችንን አንድ ለናቱ መኪና የሚነዳው ሚርዞ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟን ለውጦ «የሮማን እመቤት» አላት።

ቁምሪ ግን አልሰማችንም። በመጀመሪያው ጸደይ ከእናቷ ዛፍ ሥር የተነቀለ ችግኝ አመጣችና ጓሮው መሐል ላይ ተከለችው። ሂሶር ሳለች ሮማን ትበላ ነበር እንጂ አትተክልም፤ ተከላው የወንድሞቿ ሥራ ነበር። እናም ቀጥ አድርጋ፣ እንደ ባንዲራ ዘንግ አቆመችው። እሷ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብርድ ሲመጣ ሮማን ወደ መሬት ይታጠፋል፣ አፈር ይለብሳል፣ ጸደይ ሲመጣ ይገለጣል። ጥቅምት ላይ ልታጥፈው ያዘችው። ቀጭ! ከወገቡ።

እየተንሰቀሰቀች ሂሶር ወረደች። ቢቢሶሮ ሰሙና አናታቸውን ያዙ።

«ሮማን እንደ ወታደር ተገትሮ ይተከላል እንዴ? ከመጀመሪያው አጋድመሽ፣ እንደ ሰካራም ዘንበል አድርገሽ ነው እንጂ! የወንድሞችሽን ሥራ ዓይንሽ አያይም ነበር?»

«አላየሁማ።»

«ታዲያ ምን ስታዪ ነበር? የዳቭሮንን ጢም?»

ቁጣው ይኸው ነው። ጸደይ ሲመጣ ግን ሌላ ችግኝ ነቅለው፣ ሥሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ያዘጋጁላት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። «እንኪ፣ ይኼንንም ግደይው» ብለው ሰጧት።

ይኼኛውን አጋድማ ተከለችው። ጥሩ። ጥቅምት ላይ ሳይሰበር ታጠፈላት። ጥሩ። ከዚያ ግን ማሰብ ጀመረች፤ ጣጣውም የመጣው ከዚህ ነው። ሂሶር ስንዝር አፈር ይበቃል፤ እዚህ ብርዱ የሂሶርን እጥፍ ነው፤ ስለዚህ አፈር ብቻውን አይበቃም ብላ ተጨነቀች። ዞር ስትል በሙሽርነቷ ይዛው የመጣችው ኩርፓቻ ታያት። ኩርፓቻ ጥጥ ታጭቆ የተሰፋው ቀጭን ፍራሻችን ነው፤ እንግዳ ይቀመጥበታል፣ ይተኛበታል፣ ሙሽራም በክምሩ ቁመት ትከበራለች። የቁምሪ ክምር ጣራ ሊነካ ምንም አይቀረው ነበር። ከሥር ከሥር፣ ሰው ከማያየው፣ ሦስቱን መዘዘችና ሮማኑን ጠቀለለችበት። ገለባ ደለደለችበት፤ ከላይ አፈር መለሰች። ሙቀቱን እያሰበች እሷ ራሷ በደስታ ሞቃት።

የበረዶው ወራት ሲጋመስ የዳቭሮንን እህት ሊያጩ ሽማግሎች መጡ። የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ አማቷ ሳዮሃት ምርጥ ምርጡን ኩርፓቻ ሊያነጥፉ ክምሩን ገለጡ።

«ቁምሪ! ቀዩ ኩርፓቻ የታለ?»

«አለ።»

«የት?»

«ጓሮ።»

«ጓሮ ምን ይሠራል?»

ቁምሪ መሬት መሬት አየች። «ሮማኑ ለብሶታል።»

ከሽማግሎቹ ታላቅየው ይጠጡት የነበረው ሻይ በአፍንጫቸው ወጣ። «አይዟችሁ» አሉ ሳቁ ሲለቃቸው፣ «ለእንጨት እንዲህ በሚያዝን ቤት ያደገች ልጅ ለልጃችንማ ምን ያህል ታዝን!» ጋብቻው የተቋጠረው በዚሁ ሳቅ ነው ብል አላጋነንኩም።

ጸደይ መጣ፤ ቁምሪ አፈሩን ገለጠች። ቀዩን ኩርፓቻ ስትፈታው፣ ከነቤተሰቡ የከረመ አይጥ! ጥጡን ተልትሎ፣ ጎጆ ሠርቶ፣ ወልዶ ተባዝቶበታል። የሮማኑን ልጥ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ልጦ በልቶታል፤ እንጨቱ እንደ አጥንት ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ሳዮሃት ከኋላዋ ቆመው አዩ። ቁምሪ ይሰድቡኛል ብላ አንገቷን ሰበረች።

ሳዮሃት ያሉት ግን ሌላ ነው፤ «ለሠርጋቸው አራተኛውን ኩርፓቻ እንስጣቸዋ!» አማትና ምራት ተያይተው ፍርስ አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሳዮሃት ከቁምሪ ወገን ናቸው።

በመሐሉ ቁምሪ የበኩር ልጇን ወለደች። እኛ አገር ልጅ ስትወልድ እናት ትመጣለች፤ ገንፎውም መታረሱም በእናት እጅ ነው። ቢቢሶሮ አልመጡም። ሕፃን የሚወዛወዝበትን የእንጨት አልጋ በሚርዞ መኪና ጣራ ላይ አስጭነው ላኩ። ቁምሪ ያንን የሕፃን አልጋ አቅፋ አለቀሰች። ዳቭሮን አላስቻለውም።

«ገበያ ሮማን ሞልቷል» አላት። «አንድ እንግዛና እንጨቱ ላይ በክር እንሰረው። ሄጄ "ያዘ" እላቸዋለሁ።»

«እናቴን ነው በክር የምታታልላት?»

«እንዲመጡልሽ ብዬ ነዋ!»

«ሐሰት ይዛ ከምትመጣ ትቅር። ደግሞ አንድ ፍሬ ስትቀምስ ከማን ጓሮ እንደሆነ ትነግርሃለች።»

እልህ ምላጭ ያስውጣል። ሦስተኛውን ችግኝ ተከለች። አሁን ኩርፓቻ የለ፣ ገለባ የለ፤ ወፍራም አፈር ብቻ። ናቭሩዝ፣ አዲሱ ዓመታችን፣ መጋቢት ላይ ሲብት፣ እንደ ሂሶር ሰው ሁሉ ቀሚሷን ቀይራ ገለጠችው። ሕይወት አለው! ቡቃያው እንደ ክብሪት ራስ ቀልቶ ፈነዳ! ግቢውን እየዞረች ጮኸች፤ እኛም እየሮጥን መጥተን አየን፣ አፋችንንም ያዝን። ሚርዞ እንኳ ቆቡን አወለቀ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ሚያዝያ ላይ አንድ ሌሊት ሰማዩ ጠራና ውርጭ ወረደ። ጠዋት ያ ቀይ ቡቃያ ሁሉ ጠቁሮ፣ በጣቷ ስትነካው እየረገፈ ጠበቃት። የሁላችንም የአፕሪኮት አበባ አብሮ ነዷል። ቁምሪ ከመሬት ላይ ቁጭ አለች። «በቃኝ» አለች። «ከእንግዲህ እናቴ እኔ ቤት አትመጣም። በቃ።»

ሳዮሃት መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። ከቦዩ ዳር ያለውን ቱት እያዩ እንዲያው ለጨዋታ ያህል «ይኼ ብቻ ተረፈ» አሉ። ቱት ያ እንጆሪ የመሰለ ፍሬ የሚያፈራው ዛፋችን ነው። እንደ ደረቅ እንጨት ራቁቱን ቆሟል፤ ውርጩ የሚያጠፋው አንድ ቅጠል እንኳ የለውም። «ሁልጊዜም እንዲህ ነው፤ ዛፉ ሁሉ ለብሶ እሱ ይተኛል። ሰነፍ!»

ቁምሪ ቀና አለች። «ውርጭ መትቶት ያውቃል?»

«ቱትን? ኧረ እኔ አላየሁም።»

«አንድም ጊዜ?»

«ከመጣሁ ጀምሮ፣ አንድም ጊዜ።»

ቁምሪ ተነሥታ ቱቱን ሄዳ ዳሰሰችው። ሰነፍ አይደለም፤ አይሞኝም እንጂ! የኛን አገር ብርድ ከቀን መቁጠሪያ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። ያን ቀን ያየናት ሁሉ፣ አሁን ያለቀሰች ሴት ዛፍ ታቅፋ ስትስቅ አይተን፣ ልጅቱን ነካክቷታል አልን።

የሮማን ሥር በዋዛ አይሞትም፤ በበጋው ከሥር አቆጠቆጠ። በጥቅምት ቀበረችው። ናቭሩዝ ሲመጣ መንደሩ ሁሉ «ክፈቺው» አላት፤ እሷ እንቢ። ሚርዞ ከሂሶር መልእክት ይዞ መጣ። «እናትሽ "ታፍኖ ይሞታል፣ ዛሬውኑ ክፈቺው" ብለዋል። ካልከፈትሽ እኔን ነው የሚበሉኝ!»

ቁምሪ ካገባች ወዲህ የእናቷን ቃል ስትጥስ ይኼ የመጀመሪያዋ ነበር። እጇ አካፋውን ያነሣል፣ ይመልሳል። እውነት ታፍኖ ቢሞትስ? እናቷ በሮማን ነገር ተሳስተው አያውቁም! ጠዋት ጠዋት ቱቱ ሥር ቆማ አንጋጣ ታያለች። ምንም። ፖሙ አበበ፤ ቱቱ ምንም። ሚያዝያ ላይ ውርጩ እንደ ልማዱ ወረደ፤ የኛን አበባ ጠብሶት ሄደ። ቱቱም ሮማኑም ተኝተዋል። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ በቱቱ ቅርንጫፍ ጫፍ፣ የአይጥ ጆሮ የምታህል አረንጓዴ!

አካፋውን ጣለችና በእጇ ቆፈረች። «እማማ ሳዮሃት! ዳቭሮን! ኑ! ኑ!» አፈሩ ሥር ቅርንጫፉ እርጥብ፣ ለስላሳ፣ ነጣ ያለ ቡቃያ አውጥቶ ይጠብቃል። አልታፈነም፣ አልነደደም፣ አልተበላም። ዳቭሮን አፈር በአፈር የሆነ ፊቷን ሰው ፊት ሳማት፤ እሱም አላፈረም፣ እኛም አልገሠጽነውም።

በተከታዩ ዓመት አበባ አየን። አቤት አቀላሉ! አብዛኛው ረገፈ፤ አንዱ ግን ያዘ። አንድ ፍሬ ለመላው መንደር! ከላይ መንደር ድረስ ሰው እየመጣ ያየው ጀመር። ሳዮሃት ዱላ ይዘው አጠገቡ ተቀመጡ፤ ወፍ ሲመጣ ወፍ፣ ሚርዞ ሲመጣ ሚርዞን ያባርራሉ። «በዓይንህ ትበላብኛለህ፣ ወግድ!»

ጥቅምት ገባ፤ ፍሬው ግን ገና ግማሽ ፊቱ አረንጓዴ ነው። ከተራራው ጫፍ በረዶው ወደ ታች መውረድ ጀመረ። ይቆረጥ? ጥሬ ነው። ይቆይ? መንገዱ ይዘጋል፤ የእናቷ የጉልበት ሕመም ደግሞ በየዓመቱ እየባሰ ነው፣ ለከርሞ መኪና መውጣትም ላይችሉ ነው። ቁምሪ የዳቭሮንን የሱፍ ካልሲ ለፍሬው አለበሰችው። ቀን ታወልቅለታለች፣ ማታ ታለብሰዋለች። ዳቭሮን በአንድ እግር ካልሲ እየዞረ «ለሮማን ስል በረደኝ» ይለናል። ደመናው የመንደሩን ጫፍ የነካ ጠዋት፣ ቁምሪ ቢስሚላህ ብላ ቆረጠችው። ሚርዞ ጥሩምባውን እያምባረቀ ቁልቁል ይዟት በረረ።

ቢቢሶሮ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ቁምሪ እጃቸውን ዘርግታ ሮማኑን አስያዘቻቸው። እናቲቱ አገላበጡት፤ አሸተቱት፤ ልጣጩን በጥፍራቸው ፈለጡና አንዲት ፍሬ አፋቸው ውስጥ ጣሉ። ፊታቸው ተጨማደደ።

«ይኼ ሮማን ነው ኮምጣጤ?»

«ሮማን ነው እማዬ።»

«የማን ጓሮ?»

«የኔ።»

ያኔ ዕንባቸው ዱብ ዱብ አለ። «ስንት ዓመት አስጠበቅሽኝ፣ አንቺ ልጅ! እኔ እኮ በሰገድኩ ቁጥር የምለምነው ያንቺን ሮማን ነው። የገዛ ምላሴ ነው ያሰረኝ። ተነሺ፣ ጫማዬን አምጪ!»

ሳንግዳራ ሲደርሱ ሁላችንም በር ላይ ዳቦ ይዘን ቆመን ነበር። ቢቢሶሮ ደጃፉን ረገጡ፤ የልጅ ልጆቻቸውን አንድ በአንድ አገላብጠው ሳሙ። ከዚያ ቤት ግቡ ብንላቸው እንቢ ብለው፣ እያነከሱ ቀጥታ ወደ ጓሮ፣ ወደ ሮማኑ።

«ገና አልቀበራችሁትም? በረዶ እየመጣ! ገለባ አምጡልኝ፣ ከሥሩ ላነጥፍለት። ፍጠኑ!»

ሁላችንም ቁምሪን አየናት።

«እማዬ፣ ገለባ እዚህ አይሆንም። አይጥ ይገባበታል። አፈር ብቻ ነው፣ ወፈር አድርገን።»

ቢቢሶሮ ዞረው አዩዋት። ለሮማን ነገር እሳቸውን ያረመ ሰው በሂሶር አልተወለደም። ቢቢሶሮ ያንን የሚያማቸውን ጉልበት ቀስ ብለው አጠፉና እርጥቡ አፈር ላይ ቁጭ አሉ።

«እሺ» አሉ። «አንቺ ንገሪኝ። የቱን ልያዝ?»

ቁምሪ አሳየቻቸው። እናት ቅርንጫፉን ወደ መሬት ተጭነው ያዙ፣ ልጅ አፈሩን መለሰች። በረዶው ማንጠባጠብ ጀመረ። ሚርዞ ከበር ላይ ጥሩምባ ነፋ፤ ከዚያ ትዕግሥቱ አልቆ መጥቶ ጮኸ።

«ኧረ ይነሱ! መንገዱ ከተዘጋ እስከ ጸደይ እዚሁ መቅረትዎ ነው!»

ቢቢሶሮ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። «ሂድ አንተ» አሉት፣ እጃቸውን ከቅርንጫፉ ሳያነሱ። «ልጄ ቤት ነኝ እኮ።»