የመምህር ቦልቴ ጓሮ

መምህር ቦልቴ ጠመኔ የሚወስዱት ቆጥረው ነበር። ወላይታ ውስጥ ገሱባ ከተማ አጠገብ ባለው ትምህርት ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ስሠራ፣ የፓኮውን አሥራ ሁለት ፍሬ እፊቴ አንድ በአንድ ነክተው ይፈርማሉ። «አንቺን ጠርጥሬ አይደለም፤ ፋብሪካውን ነው» ይሉኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሳይንስ አስተምረዋል፤ ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቷቸው ነበር።

በዚያ ዓመት ሊድያ የምትባል ወጣት አሠልጣኝ ከሶዶ መጣች። ሥራዋ መምህራኑ ማስታወሻ ማስጻፉን ቀንሰው በፕሮጀክት እንዲያስተምሩ መርዳት ነው። ልጆቹ የሰፈራቸውን አንድ ችግር ይዘው፣ ራሳቸው እየጠየቁና እየሞከሩ ይማራሉ። እሷ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ትጽፋለች።

መምህር ቦልቴ ይህ መጻፍ አልጣማቸውም። ያልቻለ መምህር ወደ ሩቅ ቀበሌ ይዛወራል የሚል ወሬ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ሰገነት ወገባቸውን ታመው ውሃ መቅዳት አይችሉም። እሳቸው ከተዛወሩ ማን ይቀዳል?

«እርስዎ ምንድን ነው የሚጽፉት?» አሏት አንድ ቀን።

«ልጆቹ የጠየቁትን ነው፣ ጋሼ። ምነው፣ አንቺ ይበሉኝ እንጂ።»

«እስክሪብቶ የያዘ ሰው አንቱ ነው» ብለዋት ሄዱ።

የስድስተኛ ክፍል ልጆች የመረጡት ፕሮጀክት የእንሰት አጠውልግ በሽታ ሆነ። እያንዳንዱ የቤቱንና የጎረቤቱን ጓሮ አይቶ፣ የታመመውን ቆጥሮ እንዲመጣ ታዘዘ። ሰኞ ዕለት አርባ ሦስት ወረቀት መጣ። በሁሉም ላይ «የለም» ይላል።

እኔን አልገረመኝም። በሽታው በቢላዋና እንሰት በሚፋቅበት መፋቂያ ይተላለፋል። ጓሮው ታመመ የተባለ ቤት እንሰት ሲፍቅ፣ የጎረቤት ሴቶች እንደ ልማዱ መፋቂያቸውን ይዘው ለማገዝ አይመጡም። ስለዚህ ሰው የጠወለገውን ደብቆ ይቆርጣል፤ ልጁንም ዝም በል ይለዋል።

መምህር ቦልቴ ግምጃ ቤት መጥተው በሩን ገፋ አደረጉት። «የሊድያ አባት የበዴሳ የእንሰት ገበሬ ነው። ይህን ሳታውቅ ቀርታ ነው? ዓርብ የወረዳ ሰዎች ሊያዩን ይመጣሉ። ባዶ ወረቀት ይዤ እንድቆም ነው ያስቆጠረችኝ።»

«እሷ መቼ መረጠችው? ልጆቹ አይደሉ?» አልኳቸው።

«ልጆቹን ማን አስመረጣቸው?» አሉ።

የእሳቸውም ጓሮ ታሞ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ከእትዬ ሰገነት ነው። ከኩሽናው ጀርባ የአራት እግር እንሰት የመሐል ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ተንጠልጥሎ ነበር። ሐሙስ ጧት ተማሪዎቹን ጓሯችንን እንዲያዩ ላመጣ ነው ሲሏቸው፣ እትዬ ሰገነት «አንተ ደመወዝ አለህ፤ እኔን ግን ማን ያፋፍቀኛል? ማን መፋቂያ ይዞ ይመጣልኛል?» ብለው አልቅሰዋል።

ቢሆንም አመጧቸው። ሊድያም ተከትላ ገባች።

«ይጻፉ» አሏት። «የመምህር ቦልቴ ጓሮ አራት ታማሚ አለው ብለው ይጻፉ።»

እሷ አልጻፈችም። እሳት ካለ ጠየቀች፤ ቢላዋውን እስኪግል ለበለበችና ለእሳቸው ሰጠች። ግንዱን ሲቆርጡት ቢጫ ፈሳሽ ወጣ። ልጆቹ ተጠግተው አዩት። ከዚያ ኢየሩሳሌም የምትባል ተማሪ ቀስ ብላ «የእኛም እንዲህ ነው» አለች። ሌላው «የእኛ ሁለት ነው» አለ። ዓርብ ዕለት በሰሌዳው ላይ የሠላሳ ስድስት የታመመ እንሰት ሥዕል ተለጥፎ ነበር። ልጆቹም ቢላዋ እንዴት እንደሚለበለብ ለወረዳው ሰዎች እየተሻሙ አሳዩ።

እትዬ ሰገነት እንሰት ሲፍቁ ሦስት ሴቶች መጡ። ሌላ ጊዜ የሚመጡት አምስት ነበሩ፤ ሁለቱ ቀሩ። የመጡትም መፋቂያቸውን ሲመጡም ሲሄዱም በእሳት ለበለቡት።

ከወር በኋላ ርዕሰ መምህሩ መምህር ቦልቴን አስጠሩ። የበሌ ከተማ መምህራን ይህን ፕሮጀክት ከእሳቸው መማር ይፈልጋሉ፤ እዚያ የሚቆዩት ሦስት ቀን ብቻ ነው።

«በሌ? ማዛወር እንዲህ ነው የሚጀመረው» አሉ መምህር ቦልቴ።

«ሥልጠና ነው እኮ፣ ጋሼ» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«በደብዳቤ ይሁን። የምመለስበትም ቀን ይጻፍበት፤ ማኅተሙም ቀኑ ላይ ይረፍ።»

ደብዳቤው እንዳሉት ተጽፎ መጣ። ቆመው ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ቅጂውን እኔ ዘንድ አስቀመጡና ወደ አውቶቡሱ ሄዱ።