መንፈስ ዓሣና የአንኮበር ዳገት

ማክሰኞ ንጋት፣ አሊዩ አምባ

ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ገበያው ገና አልቆመም፤ የጥጥ እስር፣ አሞሌ ጨውና የተንበረከኩ ግመሎች ብቻ ይታያሉ። ከባሕር ጠረፍ ይዘውኝ የመጡት ነጋዴ ሼህ ከድር በቅሎው ላይ እየደገፉ ሲያወጡኝ፣ “ቀስ በይ ልጄ፣ ሁለት ነፍስ ነሽ” አሉኝ።

ባሌ ተክሌ በጠረፉ በንዳድ ሞተ። እኔ ልጁን በሆዴ፣ መርዶውን በአፌ ይዤ ወደ እናቱ ወደ አንኮበር መውጣቴ ነው።

ሼህ ከድር ብብቴ ውስጥ ያለውን ብልቃጥ አዩት።

“ምንድን ነው? ጭራሮ?”

“ዓሣ ነው።”

ተክሌ ዓሣ ለሚያጠና ፈረንጅ አስተርጓሚ ነበር። ፈረንጁ ይህን “መንፈስ ዓሣ” ይለዋል። ርዝመቱ ከጣት ብዙም አይበልጥም፤ በባሕር ሣር መካከል ራሱን ቁልቁል ዘቅዝቆ ከሣሩ ጋር ይወዛወዛል፤ መልኩም የሣሩ ነው። ተክሌ እጄን ይዞ ወደ ውሃው አስገባኝና “ይኸውልሽ” ሲለኝ ሣር ብቻ ነበር የማየው። አንዱ “ቅጠል” ዓይኑን ሲያዞር ጮኽኩ። ተክሌ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

“በዚህ ዓሣ ዘመዶች ዘንድ እንቁላል የሚሸከመው አባትየው ነው” አልኳቸው። “በዚህ ዘር ግን እናቲቱ ናት። ሆዷ ሥር ያሉትን ሁለት ክንፎች ገጥማ ከረጢት ታበጃለች፤ እንቁላሎቹ እዚያ ውስጥ ተጣብቀው ያድጋሉ።”

“ሲፈለፈሉስ?”

“ባሕሩ ይወስዳቸዋል። ገላቸው ብርሃን ያሳልፋል። ወደ ሣሩ የሚመለሱት አድገው ለመውለድ ሲደርሱ ነው።”

“ሱብሓነላህ!” አሉ።

ተክሌ በመጨረሻ የያዛትን ይህችን ዓሣ ፈረንጁ በመርከብ ሲሄድ በአልኮል ነክሮ ትቶልኛል። ሆዷ እንቁላል ይዟል።

እኩለ ቀን፣ ዳገቱ

እሾሁ አልቆ ጥዱ ጀመረ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ በበሽታ ያለቁ ከብቶች ወድቀዋል፤ ጥንብ አንሣ እንኳ ጠግቧል። በነጠላዬ አፍንጫዬን ስይዝ በቅሎው አዳለጠው። እኔ ልጓሙን ያዝኩ፤ ብልቃጡ ወደቀ።

አልኮሉ ድንጋዩ ላይ ፈሰሰ። ዓሣዋ መልኳ ከጠፋ ቆይቷል፤ ነጭ ሆና ተጋድማለች። ክንፎቿ ተላቅቀው እንቁላሎቹ ተበትነዋል። ወርጄ በጣቴ ልለቅም ሞከርኩ፤ ስነካቸው ይፈርጣሉ።

“ተይው ልጄ።”

“ተክሌ የያዛት ናት” አልኩ።

ሼህ ከድር ፊታቸውን ወደ ቆላው አዞሩ። እንባዬ ሲያልቅ ደግፈው አስነሡኝ።

ወደ ማታ፣ አንኮበር

የተክሌ እናት ቤት ተዘግቷል። ጎረቤት ያለች ሴት ከነማሾዋ ወጣች።

“በሬዎቹ ሲያልቁ ወደ ሴት ልጃቸው ወደ ደብረ ብርሃን ሄዱ። ‘ተክሌ ሲመጣ ቤቴ እመለሳለሁ’ ብለው ነው። እሱስ?”

“ይመጣል” አልኩ። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም።

ሼህ ከድር እዚህ ሊለዩኝ ነበር። ውሸቴን ሲሰሙ ግን “ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ” አሉ።

ረቡዕ፣ ደብረ ብርሃን

ሜዳው ውርጭ ነው። በሬ የሌላቸው ገበሬዎች መሬቱን በዶማ ይቆፍራሉ። ከብት ሲያልቅ ኩበትም አልቋል፤ ከቤቶቹ ጢስ አይወጣም።

የተክሌ እናት፣ እማማ፣ በሴት ልጃቸው ደጅ ቆመዋል፤ ከስተዋል። አቅፈው ሳሙኝ፤ ሆዴን ዳበሱና እልል አሉ። ከዚያ በትከሻዬ በኩል ወደ መንገዱ አዩ።

“ተክሌስ?”

ሼህ ከድር አንገታቸውን ደፉ።

“ታውቂው የለ ቀልዱን፣ ተደብቆ ነው!” አሉ እማማ፤ ድምፃቸውንም ከፍ አደረጉ። “አንተ! ና ግባ እንጂ! ብርዱ ሚስትህን ጨረሳት እኮ!”

መናገር ሲያቅተኝ ነጠላዬን አወለቅኩና አዘቅዝቄ ለበስኩት።

እማማ አዩት። መጀመሪያ ነጠላዬን፣ ከዚያ ሆዴን። ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ልጃቸው ከውስጥ ሮጣ ወጥታ ስትጮህ እሳቸው አላለቀሱም። ወደ መንገዱ ግን መመልከታቸውን አልተዉም።